የቅዳሜው ቡናማ ኬክ

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት ጎረቤቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ሰኞ ሞተች፤ አባቱ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በሽታው እንዳይዛመት ብሎ የቤታቸውን በር ከውጭ ቆለፈው። ውስጥ የቀሩት እሱና የአምስት ዓመት እህቱ ነበሩ። አሥራ አንድ ቀን ተዘጋባቸው። ምግብ በረጅም እንጨት ጫፍ ተንጠልጥሎ በመስኮት ይመጣላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚያቀብል ይጠፋል። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ቆመው መሄድ አቅቷቸው ነበር፤ ግን አልሞቱም።

እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። የምጽፈው ያየሁትንና እሱ ራሱ የነገረኝን ነው። ሰፈሩ "ፉርኖ" ይለዋል። ዕድሜውን በሙሉ በአንድ ትልቅ የምግብ መደብር ኬክ ክፍል ውስጥ ስለሠራ ዱቄት ከቅንድቡ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ቅጽል ስሙን አይጠላውም። "ሌባ ከመባል ይሻላል" ይላል።

መደብሩ ሲቀጥረው ሥራው ፓትራ የሚሉትን የመጋገሪያ ትሪ ማጠብ ነበር። ቀጥሎ ሊጥ መምታት ተማረ፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። እህቱን ብቻውን አሳደጋት፤ ሚጡ ይላታል፤ ፀጉሯ ከሸበተም በኋላ ሚጡ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ አንድ ቡናማ ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላት ነበር። ሳሙና የሚያህል፣ እርጥብ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት። የከተማው ሰው ለዚያ ኬክ ይሰለፍ ነበር። ከምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው፣ "ከትኩስ ቅቤ፣ ከወተትና ከዕለት እንቁላል" አላት። እሷም ትምህርት ቤት ሄዳ ወንድሟ ቅቤ እንደሚያበላት አወራች።

ነገሩ እንዲያ አልነበረም። በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ቀን ቆይቶ ያልተሸጠ ኬክ ሁሉ ተነሥቶ በትልቅ ቆርቆሮ ይጠራቀማል። ሐሙስ ሐሙስ ክሬሙም ማርማላታውም ሳይለይ አብሮ ይፈጫል። ካካዎ ቀለሙን ይሸፍናል፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታውን፤ በስኳር ውሃ ይርስና ከጥቂት አዲስ ሊጥ ጋር ምድጃ ይገባል። ይህ የአለቃው ትእዛዝ ነበር። "ያደረ እንጂ የተበላሸ አልነበረም" ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ። ግን ወላጅ የሌላትን ልጅ በሰው ትራፊ አሳደጋት መባሉን ፈርቶ ከሃምሳ ዓመት በላይ አፉን ዘጋ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በቤቱ ኬክ አያድርም። ከጋገረ፣ የተረፈውን ከመምሸቱ በፊት ለጎረቤት ያድላል።

አምና ሚጡ ታመመች። ጉሮሮዋ ውስጥ እጢ በቀለ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ወንድሟ ቤት ገባች። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ቀስ በቀስ እንደሚዘጋና የቀራት ሳምንታት እንደሆነ ነገራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ገብቼ ተቀምጫለሁ።

"ጋሼ" አለችው፣ "ሳይዘጋብኝ አንድ ነገር አማረኝ።"

"ምን አማረሽ?"

"የቅዳሜው ቡናማ ኬክ።"

መደብሩ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዛሬ እዚያ የወለል ሸክላ ይሸጣል። እሱ ግን ኮቱን ለብሶ እንቁላል ሊገዛ ወጣ።

"ጎረቤት" አለችኝ፣ "አደራ፣ ፓትራ ሲያነሣ ወገቡ ታጥፎ ቢቀር እርስዎ ያቅኑልኝ።"

በማግስቱ የጋገረውን እኔም ቀምሼዋለሁ። ውድ ቅቤ የገባበት፣ ከፍ ያለ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነበር። እሷ አንድ ቁራሽ ጨረሰች፤ ያኔ ገና ትውጥ ነበር።

"እጅህ ይባረክ። ግን እሱ አይደለም።"

"እንዴት አይደለም? የሠራሁት እኔ፣ ያኔም የሠራሁት እኔ።"

"ያኛው ከበድ ይላል። ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚል ነገር ነበረው።"

"አሸዋ? እኔ ነኝ አሸዋ ያበላሁሽ?"

"ጎረቤት፣ ሲኮራ አዩት? በዚህ ዕድሜው።"

ከአራት ቀን በኋላ ሁለተኛውን ሠራ። ካካዎ ጨመረ፣ እሳቱን ቀነሰ። ግማሽ ቁራሽ በወተት አርሳ በላችና "ቀርቧል" አለች። ለእሱ አዝና ነው እንጂ አልቀረበም፤ እሱም ያውቀዋል። ምን እንደጎደለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ከሳምንት በኋላ በጋገረው በሦስተኛው ላይ ነው ጥፋት የሠራው። ያችን አሸዋ ያለቻትን በሌላ መንገድ ለማምጣት ሸካራ የስንዴ ዱቄት ከሊጡ ጋር ቀላቀለ። ያን ጊዜ እሷ የምትወስደው ወተትና ቀጭን ሾርባ ብቻ ነበር። ትንሽ ቀመሰች። ዱቄቱ ጉሮሮዋን ቧጠጠው፤ ሳሏ አልቆም አለ፤ በመጨረሻ ፎጣው ላይ ደም ታየ።

እሱ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ።  የቆርቆሮውንና የሐሙሱን ነገር ሁሉ ያኔ ነው የነገረኝ።

"ታዲያ እንደ ጥንቱ አድርገህ አትሠራውም?" አልሁት።

"ያደረ ኬክ የት አለኝ? ሁሉን አድዬዋለሁ። ኬክ ቤቶቹን ስጠይቅ የተረፈውን በየቀኑ እንጥላለን አሉ። ጋግሬ ሦስት ቀን ማቆየት አለብኝ።"

"ምድጃ ውስጥ ቢደርቅስ?"

"ያ መጠበስ ነው። ማደር ሌላ ነው።"

"እንግዲያው ዛሬ ጀምር።"

"ምን ብዬ? በትራፊ ነው ያሳደግሁሽ ልበላት?"

"በላት።"

ካልመጣህ አልነግራትም ስላለኝ አብሬው ገባሁ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ተከሳሽ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነገራት። እሷም መለሰችለት። ድምፅዋ በጣም ሰልሎ ነበርና ጎንበስ ብለን አዳመጥን።

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ያወቅሁት" አለች። "አንድ ቅዳሜ ከኬኩ መሀል ሳይፈጭ ያመለጠ ደረቅ የስኳር ፊደል አገኘሁ። ከሰው የልደት ኬክ ላይ የተረፈ። ግማሹ ተቆርጧል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስትሰጠኝ ደስ ይልሃል። ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።"

ወዲያው ጋገረ። ቆራርጦ መስኮት ሥር በትሪ ዘረጋው። ሦስት ቀን ሙሉ እየተነሣ በጣቱ ይነካዋል፤ አንዱ ጠርዝ ሲደርቅ ሌላው ገና ለስላሳ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሷ ወተት ጠጣች። በሁለተኛው ቀን ውሃ በማንኪያ። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ነበር የምናርሰው። ሳይደርስ እንዲፈጨው ብነግረው፣ "እንደገና እሱ አይደለም እንድትለኝ?" አለኝ። አልተከራከርሁትም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወቅጦ፣ እንዳይቧጥጣት በጨርቅ ነፍቶ፣ ብርቱካን ልጦ ሠራው። ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ስገባ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በወተት አርሶ ምላሷ ላይ እያስቀመጠላት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች።

"እሱ ነው" አለች።

አልወርድ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። አንገቷን ደግፎ በጣቱ አወጣላትና አፏን ጠረገ። እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገናም አልወረደም። ከዚያ በኋላ ቁራሹን አፍንጫዋ አጠገብ ይዞላት ተቀመጠ። በአምስተኛው ቀን አረፈች።

ያን የመጨረሻውን ኬክ ለማንም አላደለም። ምን እንዳደረገው አልጠየቅሁትም።

ሕይወቱን ልጽፍ ስነሣ ከኖረው ሁሉ የሚበልጥበት ቀን የቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

"ኬኩን የጠየቀችኝ ቀን ነው። ያን ቀን ቁራሽ ትውጥ ነበር። ያኔውኑ እውነቱን ነግሬያት ቢሆን በአራተኛው ቀን ቁጭ ብላ ትበላው ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ኮራሁባት። እሷ የለመደችውን ጠየቀችኝ፤ እኔ ስሜን አበላኋት። ጎበዝ ኬክ ሠሪ ነበር ብለህ አትጻፍ፤ እሱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው የለመነህን ስጠው፣ በሚውጥበት ቀን ስጠው። ይችን ጻፍልኝ፤ ሌላውን ተወው።"