ተራራ ላይ የጾምን ዕለት

ባለፈው ረቡዕ... ለእግዚአብሔር ብለን ተራራ ወጥተን፣ ሰው ገድለን ልንመለስ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ቤተ ክርስቲያናችን በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የምንጸልየው በስልክ ነው። ግማሹ ዳታ ያልቅበታል፣ ግማሹ ደንበኛ ይመጣበትና በጸሎት መሃል የዳቦ ዋጋ ሲናገር ይሰማል። መሰብሰብ ክልክል ነው። ተራራ መውጣት ግን ስፖርት ስለሆነ ይፈቀዳል። የጸሎት መሪያችን አስቴር ይቺን ቀዳዳ አገኘችና፣ ከሃይደልበርግ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ላይ ጾም ጸሎት ታወጀ። ውሃ ይፈቀዳል፣ ምግብ አይፈቀድም።

ስድስት ነበርን፣ ሁላችንም ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለን። ሱቃችንን ለሸሪኮቻችን ትተን፣ ታደለ ዕቃ በሚያመላልስበት ባኪ በሚሉት ፒክአፕ ሄድን። ከመሃላችን ትልቁ ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ስኳርም አለባቸው። ሚስታቸው እትዬ ዓለሚቱ ከመነሳታችን በፊት ለብቻዬ ጠርተው፣ ጋሽ መድኃኒታቸውን ውጠዋልና ሳይበሉ ተራራ እንዳይወጡ ነገሩኝ።

«ከእነዚህ ሁሉ አንተ ቁም ነገረኛ ነህ። አደራ» አሉኝ።

ቁም ነገረኛ መባሌን ወደድኩት። ጋሽን መኪና ውስጥ ስጠይቃቸው በልቻለሁ አሉኝ። ሽማግሌ አይዋሽም ብዬ ተውኩት።

መንገዱ... መንገድ ማለት ይከብዳል። መጀመሪያ የተረገጠ ሣር ነው፣ ቀጥሎ ኮረት፣ ቀጥሎ ልብስ እየያዘ የማይለቅ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ደግሞ በእጅና በጉልበት የሚወጣ ድንጋይ። ሣሩ በብርዱ ቢጫ ሆኗል፣ እሬቱ ቀይ አበባውን አውጥቷል። የዝንጀሮ መንጋ ከላይ ተቀምጦ ያየናል። ታደለ ያደረገው የእሁድ ጫማውን ነው፤ ወደ እግዚአብሔር ፊት በስኒከር አልቀርብም ብሏል። በዱላ እየተደገፉ የሚወርዱ ሁለት ነጮች ጫማውን አዩና በጣም በትሕትና መልካም ዕድል ተመኙለት።

እኔ ሆዴ በጮኸ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጾሙ እየሠራ ነው እላለሁ። ሌሎቹ ደግሞ በየመሃሉ ለብቻዬ ልጸልይ እያሉ ከቁጥቋጦ ጀርባ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር በመንፈሳዊነታቸው ቀናሁ።

ጫፉ ላይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጋሽ ላምቤቦ ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉና በማይገባ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። በልሳን እየጸለዩ መስሎን ሁላችንም እጃችንን አንስተን አሜን አልን። አስቴር እንባ ሁሉ መጣባት።

ቀረብ ብዬ ስሰማ ዙሉ ነው።

«ኢሲንክዋ አሲኮ፣ ሲሲ» ይላሉ፣ ፊታቸው ላለው ቋጥኝ። ዳቦ አልቋል እህቴ ማለት ነው። በዚያ ብርድ ላባቸው ይንጠፈጠፋል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ እግራቸው ደግሞ ወደ ገደሉ ይራመዳል። አቅፌ አስቀመጥኳቸው። አላወቁኝም። ደንበኛዋን መስያቸው ነገ ጠዋት ተመለሽ አሉኝ።

ስኳራቸው እንደወረደ ገባኝ። ስልክ ኔትወርክ የለውም። መኪናው ከታች የሩዝ ፍሬ አክሏል። በጣም ፈራሁ። ለእትዬ ዓለሚቱ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

«ጣፋጭ ነገር የያዘ አለ?» አልኩ።

ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ጾም ነው እኮ» አለች አስቴር ቀስ ብላ።

የራሴን ኪስ ፈተሽኩ። ሳኒታይዘር፣ ትርፍ ማስክ፣ የሱቅ ቁልፍ።

«እጃችን ላይ ሊሞቱ ነው» አልኩ።

ይሄኔ ታደለ ዞር ብሎ ከጃኬቱ ገበር ውስጥ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አወጣ። «ለመመለሻ ነው የያዝኩት» አለ። ማንም አልተናገረውም፤ ምክንያቱም ከጎኑ ያለው ወንድም ካልሲው ውስጥ ከረሜላ እየፈለገ ነበር። እሱም ለመመለሻ ነው። አንዷ እህት በፎጣ የጠቀለለችውን የተቀቀለ እንቁላል አወጣች፤ ጨው እንኳ አልረሳችም። በመጨረሻ አስቴር በዚፕ የሚዘጋውን የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ከፈተች። ውስጡ ያለው ቸኮሌት ተገምጧል።

ለስላሳውን ጭንቅላታቸውን ደግፌ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው። ቸኮሌቱን አስከተልን። ያ ጊዜ እንዴት እንደረዘመብኝ ልነግራችሁ አልችልም። ቆይተው ዓይናቸው ጠራ፣ መንቀጥቀጡ ተዋቸው፣ ከዚያ ስሜን ጠሩ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉ። የቸኮሌት ወረቀት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ በየጥጋቸው የቆሙ አራት ሰዎች። እንቁላሉን በጨው በሉና ጸሎቱን ራሳቸው ዘጉ። ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ቀስ እያልን ወረድን።

እሁድ በስልክ ጉባኤያችን ላይ ጋሽ ላምቤቦ ምስክርነት አለኝ አሉ። ለጾሙ ሲሉ ሳይበሉ መውጣታቸውን ተናገሩ፤ እትዬ ዓለሚቱ ከኋላ ሲያጉረመርሙ ሁላችንም ሰማን።

«ለኤልያስ በቁራ ምግብ የላከ አምላክ፣ ለእኔም በተራራ ላይ ቁራዎቹን ላከልኝ» አሉ።

አስቴር ስልኩ ላይ አሜን ብላ ጻፈች። ባለ ካልሲውም፣ ባለ እንቁላሏም ጻፉ። ታደለ ሦስቴ ነው የጻፈው።

እኔ ትንሽ ቆይቼ ጻፍኩ። ያን ቀን በትክክል የጾምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ... ቁራ ያልነበርኩትም እኔ ብቻ።