ቀዩ ዶቃ የሚገባበት ቦታ

በሰቆጣ ገበያ ስለ ዶቃ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ከእኔ በኋላ የሚናገር ስለሌለ ነው። አያ ወልዱ ይሉኛል። ቀለም ያስተማረኝ ሰው የለም። በዚህ ከተማ እኔ ዶቃ ያልሰካሁለት አንገት ካለ የፍየል ነው፤ እሱም ቢሆን ከአበርገሌ የመጣ አንድ የከብት ነጋዴ ለምኖኝ ለአውራ ፍየሉ ቀይና ነጭ ሰክቼለታለሁ።

አሁን ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ አልታይ ብሎታል። ዶቃ ሰክታችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ የምትሸጡ ወጣቶች በዝታችኋል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስትሰኩ አያችኋለሁ፤ ያገኛችሁትን ቀለም ሁሉ ትሰገስጋላችሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያመጣችልኝ አህያ ናት። ከደሃና ገብስ ጭኜ መጥቼ ገበያው መሐል ስደርስ አህያዬ ከውሻ ደንብራ የእትዬ ዘውዴን የዶቃ ጉዝጓዝ ረገጠችው። እትዬ ዘውዴ የገበያው ትልቋ የዶቃ ነጋዴ ነበሩ። ክሩ ሁሉ ተበጥሶ ዶቃው አቧራ ውስጥ ተበተነ።

«አንተ የአህያ ወንድም!» አሉኝ። «አንዲት ፍሬ ብትጎድል አህያህ እዚሁ ትቀራለች!»

«እለቅማለሁ እትዬ።»

«መልቀምማ ዶሮም ይለቅማል። ትሰካዋለህ!»

ሰፌድ፣ መርፌና የሰም ቁራጭ ወረወሩልኝ። ክሩን በሰም አሽቼ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሰካሁ። የእርሳቸው አሰካክ አንድ ቀይ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ፣ እንደገና አንድ ቀይ ነበር፤ የተቀላቀለ ንፍሮ ይመስላል። እኔ ገብስ ሲደርስ የደሃና ዳገት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቢጫው በሰፊው ይተኛል፤ በመሐሉ የድንበሩ ጥቁር አፈር ቀጭን ሆኖ ያልፋል። እንደዚያ አድርጌ ሰካሁት። ከጋዝጊብላ የመጣች አንዲት ሴት የእትዬ ዘውዴን ትታ የእኔን አነሣች።

እትዬ ዘውዴ ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠበቁ። ከዚያ «በሚቀጥለው ገበያ ና» አሉኝ። «አህያዋን ግን እቤትህ ተዋት።»

እንዲህ ተቀጠርሁ።

ጓደኞቼ በእኔ ላይ ያልተናገሩት የለም። «ወልዱ ክንዱ ለሞፈር ሰነፈ፣ ለመርፌ በረታ» ይሉኝ ነበር። ሚስት የሚያጩበት ጊዜ ሲደርስ ግን ሁሉም ተራ በተራ፣ ዙሪያውን እየቃኙ፣ ወደ እኔ መጡ። «ወልዱ፣ ለማንም እንዳትናገር። ለጠይም ምን ቀለም ይሄዳል?»

ለጠይም ሴት ብርቱካናማና ነጭ እሰጣለሁ። ለቀይ ሴት ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ለጥቁር ሴት ቢጫ፤ ቢጫ በጥቁር አንገት ላይ በመስከረም አፈር ላይ እንደ በቀለ አደይ ነው። የቀይ ዳማ ሴት ሁሉም ይሄድላታል፤ ስለዚህ እሷን ማስዋብ ሙያ አይባልም።

ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ማጅራቷ ላይ ነጭ ዶቃ አይደረግላትም። ክሩ ቅቤውን ይጠጣና ነጩ እንደ አሮጌ ጥርስ ይበልዛል። ማጅራት ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ይሁን፤ ነጩ ወደ ደረት ይውረድ። ይህን ያወቅሁት አንገት እያየሁ ነው። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ብዙ ተቆጥታለች፤ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው ማጅራት ታያለህ!» ትለኝ ነበር። የማየው ዶቃውን ነበር።

ሰማያዊና ጥቁር አምፖል ሥር መንታ ናቸው። ቀለም የሚመረጠው በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው።

አንድ ጊዜ አንድ የአበርገሌ ጎረምሳ ከሌላ ነጋዴ የገዛውን ሐብል ይዞ እየሮጠ መጣ። «አያ፣ አድነኝ! እጮኛዬ አንገቷ ቀላ። እናቷ ልጄን አንቀሃታል ብላ ልትከሰኝ ነው!» አየሁት፤ ክሩ በቀይ ቀለም የተነከረ ነበር። ቆላ ውስጥ ላብ ከክሩ ላይ ቀለሙን አጥቦ አንገት ላይ ይተወዋል። በናይለን ክር ሰካሁለትና «ለእናቷም አንድ ውሰድ፤ ክሱ ይቀራል» አልሁት። ክሱም ቀረ።

ለእትዬ ዘውዴ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ከሦስት ቀለም በላይ ሲገባ ሁሉም ይጮኻል፣ የሚሰማ አይኖርም። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ሲያረጁ ይህንኑ ቃል የራሳቸው አድርገው ለሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው። የእኔ ነው አላልኋቸውም። እወዳቸው ነበር።

ከሁሉ የምኮራበት ሥራ ግን የሙሉ ነው።

ሙሉን ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ስትሠራ አያትዮዋም ሞቱ። ስትመለስ ተቀብረው፣ ተዝካራቸውም ወጥቶ ነበር። ከዚያ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጨዋ ልጅ አጫት። አባቱ ቄስ ናቸው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

አንድ ቀን ከቤቴ ፊት ወዳለው ሱቄ መጥታ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ውስጡ ያለው ጨሌ ነበር።

ጨሌ የድሮ ሴቶች ለዛር ብለው የሚያስቀምጡት ዶቃ ነው። ዛሩ ቀለም ይመርጣል ይባላል። የሙሉ አያት ጨሌ ቀይና ጥቁር ነበር፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። እንዲያ ተፈራርቆ የተሰካውን የእኛ አገር ሰው ከሩቅ ያውቀዋል። ካህናት ያወግዙታል። ባለ ጨሌዋ ስትሞት ወንዝ ይጣላል።

«ጎረቤቶች ጣይው አሉኝ» አለች። «አያ፣ እኔ ዛር አላውቅም። ግን ከእሷ የቀረኝ ይኸው ነው። ልብሷን ለነዳያን ሰጥተውታል። ሳልቀብራት ደግሞ ወንዝ ልጣላት?»

«ለሠርግሽ ልታደርጊው ነው?»

«በዚያ ቀን ከእኔ ወገን የሚቆም ማን አለ?»

«አማትሽ ቄስ ናቸው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ጋ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሳት ነበር። እሷ ግን የመጣችው ወልዱ ጋ ነው።

የአያትዮዋን ክር በጠስሁ። ጥቃቅን ነጭና ሰማያዊ ዶቃ ሰፌድ ላይ አፈሰስሁና የአያትዮዋን ፍሬዎች በመሐሉ በተንሁ። ሰማያዊው ቀዩን ያበርደዋል፤ ነጩ ጥቁሩን ይውጠዋል። ስጨርስ ዛሩ ራሱ ቢመጣ ዕቃውን አይለየውም ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሰቆጣ አይታ አታውቅም።

ሙሉ አንገቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ቆመች። ዓይኗ በዶቃው መሐል አንድ ነገር ፈለገ።

«ምነው? አላማረሽም?»

«ያምራል።»

«ታዲያ?»

«አያቴ የታለች?»

«እዚያው ናት። ከሌላው ጋር ተቀላቅላ።»

«ተደብቃ ነው፣ አያ።» ዶቃውን በጣቷ ነካች። «ሰው ቤት ስሠራ እንግዳ ሲመጣ ማድ ቤት ግቢ ይሉኝ ነበር። እንደዚያ ነው ያደረጓት።»

ሰፌዱ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች መልቀም ጀመርሁ። 

በዚያው ቅጽበት አማቷ ቄሱ የሱቄ ደፍ ላይ ቆሙ። ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሙሉ ነጠላ ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ በፊት የሰሙ ይመስለኛል። ሁለታችንም ቀርበን መስቀላቸውን ተሳለምን።

«ወልዱ፣ ጨሌ ትሰካለህ አሉኝ።»

«ዶቃ ነው የምሰካው አባቴ። ቀለም ኃጢአት የለበትም።»

«ቀለሙ የለበትም። የሚያየው ሰው ግን አፍ አለው። የቄሱ ምራት ዛር አዝላ ገባች ይሉኛል። በጨሌ ከመጣች ደጄ ላይ ቆሜ አልቀበላትም።»

ሙሉ ሐብሉን ከአንገቷ ፈትታ ሰፌዱ ላይ አኖረችው። «እንግዲያው ይቅር፣ አባ» አለች።

ዶቃው ይቅር ማለቷ ነው ወይስ ሠርጉ፣ አልገባኝም። ቄሱም ደነገጡ።

«ምኑ ነው የሚቀረው ልጄ?»

«አንድ ጊዜ ሳልቀብራት ቀርቻለሁ። ሁለተኛ አልጥላትም።»

ቄሱ ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። «አያትሽ ስትቀበር የፈታኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ከመሞቷም በፊት ደርሼላታለሁ። እኔ ስለ ነፍሷ ስነግራት እሷ ስለ አንቺ ትነግረኛለች። ‹ሙሉ ከስታ ነው የምትመጣው፤ አደራ፣ አብሏት› አለችኝ።»

ያን ጊዜ ሙሉ አለቀሰች። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አቀፈቻት፤ እሷም አብራ አለቀሰች። ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ መጣና በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በዚያች ሱቅ ለቅሶ ተቀመጥን።

ቄሱ ሊያጽናኗት ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ። በእጅ የተጻፈ የብራና ዳዊት ነው። ማንበብ ጀመሩ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ንባቡን አልሰማሁም፤ ዓይኔ ገጹ ላይ ቀረ። ብራናው የቆየ አጥንት ይመስላል። በላዩ ጥቁሩ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት ቀይ ይመጣል። እንደገና ጥቁሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

«አባቴ፣ ላቋርጥዎትና፣ ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ስም ነው» አሉ። «የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም። ስም ሲመጣ ጸሐፊው የጥቁሩን ብርዕ አስቀምጦ የቀዩን ያነሣል።»

ሐሳቡ የእኔ ነው። ቄሱ የነገሩኝ ቄስ ሁሉ የሚያውቀውን ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ ዶቃ ያየሁት እኔ ነኝ።

ያን ቆንጆ ሥራዬን በጥርሴ በጠስሁት። ነጩንና ሰማያዊውን ገፋሁ። ከሣጥኔ ታች አሮጌ የአጥንት ዶቃ አወጣሁ፤ በጣም ነጭ የሆነውን ትቼ ብራና የመሰለውን ለቀምሁ። በአጥንቱ መሐል የአያትዮዋን ጥቁር ረዘም ረዘም አድርጌ አስኬድሁት። ጥቁሩ ሄዶ ሲደክም ቀዩን በአጥንት እየለየሁ አስገባሁ። ቀይ ጥቁርን አይነካም፤ ግራና ቀኙን አጥንት ይጠብቀዋል። ከሁሉ የሚበልጠውን ቀይ ጉሮሮዋ ሥር በሚውልበት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አኖርሁት። ጨሌን ጨሌ የሚያሰኘው መፈራረቁ ነው፤ መፈራረቁ ጠፋ። ከአያትዮዋ ፍሬ ግን አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተደበቀ።

ሙሉ አደረገችው። ወደ መስታወቱ አልሄደችም፤ ወደ ቄሱ ዞረች።

ቄሱ ተነሥተው ቀረብ አሉ። ዓይናቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው አስኬዱ። ትልቁ ቀይ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይነበባል» አሉ።

«ምን ይላል፣ አባ?»

«ወለተ ሐና።»

የአያቷ የክርስትና ስም ነው።

በጥር ቄሱ ደጃቸው ላይ ቆመው ሙሉን ተቀበሏት። ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ይህ ጨሌ አይደለም እንዴ?» ስትል ቄሱ ሰሟትና «ማንበብ የማይችል ዝም ይበል» አሉ። ከዚያ ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሷት። በቃኝ ብትልም አልተዉአትም።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ከመምረጤ በፊት ማን መታየት እንዳለበት እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ማንም ሳያስተምረኝ የቀለም ባለሙያ ሆንሁ። የጋዝጊብላን፣ የደሃናንና የአበርገሌን ሙሽሮች አስጌጥሁ። የነጭ ዶቃን ክብር ከቅቤ አዳንሁ። አንድ ጎረምሳ ከክስ አወጣሁ። ቄስ ከዶቃ ሱቅ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስነበብሁ። አንዲት ልጅ ያልደረሰችበት ለቅሶ በሱቄ ተለቀሰ። ወለተ ሐናን የልጅ ልጇ ሠርግ ላይ አስገባኋት፤ በፊት በር።