በኦቦ ሞቱማ ማሳ ላይ የተተከለው ችካል

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ነበር። ኦቦ ሞቱማ ሱሉልታ ወንዝ ዳር ያለውን መሬታቸውን ሲያርሱ፣ አንዲት እግሯ የረዘመ፣ ደረቷ ነጠብጣብ ያለበት ወፍ በሬዎቹ ፊት ቆማ ጮኸችባቸው። አልሸሸችም። እሳቸው ሞፈሩን ወደ ጎን መለሱ። ሣሩ ሥር አራት እንቁላል ነበር።

ድሮ እንዲህ ያሉ ወፎች ወንዙን ይዘው በብዛት ይፈለፍሉ ነበር። እርሻው እየገፋ ሲመጣ ግን ጠፉ። ኦቦ ሞቱማ እግዜር አደራ እንደሰጣቸው ቆጥረው ደስ አላቸው። በሬ እንዳይረግጣት ዙሪያዋን ችካል ተከሉ፤ ከሩቅ እንዲታይም የባለቤታቸውን የወይዘሮ ጠጅቱን ቀይ ሻሽ ቀደው አሰሩበት። ጠጅቱ ስለ ሻሹ የተናገሩትን እዚህ መጻፍ አይገባም።

ኦቦ ሞቱማ የረሱት ዘመኑን ነው። በማስተር ፕላኑ ምክንያት አዲስ አበባ ሱሉልታን ልትውጥ ነው በሚባልበት ሰሞን፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ማለት ቀያሽ መጥቶ መሬት ለክቷል ማለት ነው። ወሬው ገበያ እስኪደርስ ኦቦ ሞቱማ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውንም መሬት ሸጠው ጨርሰው ነበር።

በማግስቱ ጎረምሶች ችካሉን ሊነቅሉ መጡ። ከፊት የጎረቤታቸው ልጅ አማኑ ነበር።

«ኦቦ ሞቱማ፣ አገር እየተቃወመ እርስዎ ያስለካሉ?»

«ኧረ ለወፍ ብዬ ነው።»

«ወፏ ናታ ያስለካችው!»

ሁሉም ሳቁ፤ እየሳቁም ወደ እንቁላሎቹ ተጠጉ። ኦቦ ሞቱማ እንደ ሽማግሌ ወግ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩና ከፍ አድርገው ይዘው ለመኑ። እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ መግፋት ነውር ስለሆነ ጎረምሶቹ ባሉበት ቆሙ። በድንጋጤ የነጩት ግን እንቁላሎቹን የሸፈነውን ሣር ነበር። ወፏ ከየት መጣች ሳይባል መጥታ ባርኔጣቸውን በክንፏ መትታ ወንዝ ከተተችው።

አማኑ ሳቁን እንደምንም ዋጠ። «እውነትም ወፍ ናት» አለ። ችካሉ ግን ይነቀል አለ፤ መንገደኛ አይቶ ሌላ ወሬ ይዞ ይሄዳልና።

«ንቀሉት» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «ከእንግዲህ ችካሉ እኔ ነኝ።»

በርጩማና ጥላ ይዘው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። አማኑ የቀረውን ማሳ አረሰላቸው። አላፊ አግዳሚው እርስዎ መቼ ነው የሚፈለፍሉት እያለ ሲያሾፍባቸው ሰነበተ።

ጫጩቶቹ የወጡ ዕለት ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። አንዷ ከእናቷ ተነጥላ መጥታ ጥላቸው ሥር ተቀመጠች። ኦቦ ሞቱማ እግራቸው ቢደነዝዝም ተነሥታ እስክትሄድ ንቅንቅ አላሉም፤ በልባቸው ብቻ ተመስገን እያሉ ጠበቋት።