ድል የተነገረ ቀን

ዛሬ ጠዋት ነቀምት መሀል አንድ መኪና ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ ሲያልፍ ልጅነቴ መጣብኝ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀንም አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሠራዊታችን ማሸነፉን ይለፍፍ ነበር። አሁን በሌለው የድል ሐውልት ሥር ግን እግራቸው የቆሰለ ወታደሮች ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ውሃ አስይዘው ላኩኝ።

"አሸነፋችሁ?" ብዬ አንዱን ጠየቅሁት።

ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለ። "እሱ ካለ አሸንፈናል፣ እህቴ።" ጓደኞቹ ሳቁ፤ አንደኛው እየሳቀ አለቀሰ።

ግራ ገባኝ። ቤት ሮጬ፣ "እማዬ፣ እኛ አሸነፍን!" ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

"እኛ ማን ነን?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ያኔ እውነት ጠይቃኝ ይሁን ተቆጥታኝ፣ አሁንም አላውቅም።