የኤዶ ሳህራ ፀጉር

ሐረር፣ ንጋት

ገና ሳይነጋ ከሐረር ወጣን። የነርቭ ሐኪም ነኝ፤ ጅግጅጋ የምሄደው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችን ለመመርመር ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ሆስፒታል ጭንቅላት ሳይከፍት፣ የድምፅ ሞገድ አንጎል ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ አነጣጥሮ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል። ሕክምናው ለማን እንደሚሆን የምለየው እኔ ነኝ። በሽተኞቹን የመለመላቸው አገናኝ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ "ያለ ቢላዋ፣ ያለ ደም!" እያለ ለሾፌራችን ለተስፋዬ ያስተዋውቃል። የተስፋዬ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ባቢሌ

ለቁርስ ቆምን። ለውዝ የሚቆሉ ሴቶች፣ የጫት መኪና ጥሩንባ፣ አስፋልቱ ላይ የተኙ ፍየሎች። አገናኙ ለአስተናጋጁም ካርዱን ሰጠው።

"ወንድምዬ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ዘመድ የለህም?"

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ጅግጅጋ፣ ረፋድ

የተከራየነው ክሊኒክ በር ላይ ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያው ነጋዴ የሚንቀጠቀጠው ከእንቅርቱ የተነሳ ነው። ሁለተኛው ለአስም በሚወስደው ኪኒን። ማንም ቀድሞ አልጠየቃቸውም! እጅ ከተንቀጠቀጠ ለአገናኙ በቂው ነው። ደሜ ፈላ፤ ገና ምኑን አይቼ።

ሦስተኛዋ ኤዶ ሳህራ ናቸው። "ኤዶ" በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ በሚኖሩበት በቱሊ ጉሌድ ሁሉም እንዲህ ይጠራቸዋል። የሙሽሮችን እጅ በሂና የሚያስጌጡ ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል። ጥምዝምዝ መስመር እንዲስሉ ወረቀት ብሰጣቸው እስኪርቢቶው ወረቀቱን ቀደደው። ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሲገለብጡ ጠረጴዛው ራሰ። መድኃኒቶቹን ሁሉ ሞክረዋል፣ አልያዘላቸውም። ሕክምናው የተሠራው እንደሳቸው ላለ ሰው ነው።

"ከዒድ በኋላ የመጨረሻ ልጄን እድራለሁ" አሉኝ። "የሰውን ልጅ ሁሉ ስዬ፣ የራሴን ልጅ ሌላ ሰው ይሳልልኝ ዶክተር?"

የቆየ ጠባሳ እንዳለ ለማየት ሻሻቸውን እንዲያወልቁ ጠየቅኋቸው። ከሥሩ የተላጨ ራስ ወጣ።

"ተላጩ ያለዎት ማነው?"

"ያ ሰውዬ ነዋ! ወላሂ፣ ፀጉር ካለ ማሽኑ አያይሽም አለኝ።"

ፀጉር የሚላጨው ሕክምናው በሚሰጥበት ቀን ነው፤ እሱም ተቀባይነት ላገኘ ሰው። ለምርመራ አንዲት ዘለላ አትነካም። ወጥቼ አገናኙ ላይ ጮኽኩበት።

"ጊዜ እንቆጥብ ብዬ ነው እኮ ዶክተር" አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ከሰዓት ኤዶ ሳህራ የራስ ሲቲ ስካን ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቱሊ ጉሌድ፣ በማግስቱ

መልሱ ጠዋት ከሆስፒታሉ መጣ፤ የራስ ቅላቸው አጥንት ሞገዱን አያሳልፍም። በአጥንት አይፈረድም፤ ምስሉ እስኪታይ ማንም አያውቀውም። ግን እኮ ሳይላጩ መጠበቅ የሚገባው ለዚህ ነበር! በስልክ መንገር አልሆንልሽ ስላለኝ ራሴ መጣሁ። ሜዳው ነፋስና አቧራ ነው፤ ግመሎች መንገዱን አንለቅም ብለው አስቆሙን።

ኤዶ ሳህራ የግመል ወተት ሻይ አቀረቡልኝ፤ ለእኔ ሙሉ፣ ለራሳቸው ግማሽ። ከዚያ በላይ ከተቀዳላቸው ይፈሳል። ነገርኳቸው። ሙሽራዋ ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"እጄስ የአላህ ሥራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "በሠርጉ ሴቶች ለብቻችን ስንጨፍር ሻሽ ይወልቃል ልጄ። የሙሽራ እናት ነኝ። ፀጉሬ እስከዚያ ይደርሳል?"

አይደርስም አልኳቸው። ከዚህ የከበደ ነገር ለበሽተኛ ተናግሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ የበገንኩበት ግን የለም።

አገናኙ መኪና ውስጥ ይጠብቃል።

"ምን አሉ? ሌላ አገር ሌላ ሆስፒታል አለኝ፣ እንልካቸዋለን። ፀጉሩ እንደሆነ ይበቅላል!"

"ውረድ" አልኩት።

"እ?"

"ውረድና ይህንኑ ገብተህ ንገራቸው።"

ተስፋዬ እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተለት። ስንሄድ በመስታወቱ አየሁት፤ መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ይደውላል። ወደ ኤዶ ሳህራ በር ግን አንድ እርምጃ አልተራመደም።