ብርድ የሚፈታው ክር

የላም እንቁላል አጠናለሁ ባልኩ ቁጥር እናቴ ያችኑ ጥያቄ ታነሳለች፤ «ላም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንቁላል የምትጥለው?» እኔም በተጠየቅኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

ባለፈው ለፋሲካ ቢቸና ስገባ ግን ቀልድ የለም። ሞጣ ያገባችው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ፅንሷ ጨንግፎባት እናታችን ቤት መጥታለች። ግድግዳ ግድግዳ እያየች «ምን አጥፍቼ ነው?» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ስለ ሥራዬ መለፍለፍ ጀመርኩ።

እንቁላል ስትበስል በውስጧ እንደ ፈትል የቀጠኑ ክሮች ይዘረጋሉ አልኳቸው። የህዋሷ አጽም እነሱ ናቸው፤ የዘር ቅንጣቶቹን ጎትተው ግማሹን ያስቀራሉ፣ ግማሹን ያስወጣሉ። ክሮቹን አሁን ተዘርጉ፣ አሁን ተፈቱ የሚሏቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲኖቹ ሰዓቱን በምን እንደሚያውቁ ግን ገና በቅጡ አልገባኝም፤ ሲያምረኝ የምኖረው ይህንን ማወቅ ነው። ከቄራ የምወስደውን የላም እንቁልጢ፣ ማለትም እንቁላሎቹ ያሉበትን፣ በፔርሙስ አሙቄ እንደምሮጥም አወራሁ። ብርድ ከነካቸው ክሮቹ ይፈታሉና።

እህቴ ቀና አለች። «ብርድ ይፈታዋል?»

ያየችው እኔን ሳይሆን እናታችንን ነበር። ፅንሱ እንደተያዘ ሰሞን፣ ይባረክ ብላ በማለዳ ጠበል ያስጠመቀቻት እናታችን ናት። ያ ጠዋት ውርጭ ነበር አሉ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኛ» አለች እናቴ።

ደነገጥኩ። «ኧረ በፍጹም! እኔ የማወራው ከሆድ ስለወጣ ነገር ነው። ሆድ ውስጥ ሙቀቱ አይጎድልም፤ ውሃው ቆዳ ነክቶ ይቀራል። ደግሞ እንቁላሏ የበሰለችው ከጠበሉ በፊት፣ ገና ሳይፀነስ ነው። ለምን እንደጨነገፈ አላውቅም፤ ጥፋቱ ግን ያንቺም የእሷም አይደለም።»

እናቴ ነጠላዋን እየጠቀለለች አሰበች። «ታዲያ ያቺ እንቁላል የተፈጠረችው መቼ ነው?»

«ይቺ ልጅሽ ሆድሽ ውስጥ ሳለች። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለድ፤ ተራቸው እስኪደርስ ዓመታት ይተኛሉ።»

«እንግዲያ እኔም ተሸክሜያት ነበር በይኛ» አለች እናቴ፤ እንባዋም መጣ።

እህቴ ተነሥታ ከጎኗ ተቀመጠች። «ነይ አብረን እናልቅስ» አለቻት። «የጨነገፈው ከሁለታችንም ነው።»