ከመጋዙ ማዶ

ተሻገር እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። ባሕር ማዶ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ሥጋ ፋብሪካ በተቀጠረ በሦስተኛው ቀን፣ ራሚሮ የሚባል የሆንዱራስ ሰው አነጋገሩን እያስመሰለ ሲስቅበት፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ አፉን አለው። የፊት ጥርሱ ወለሉ ላይ ከአጥንት ፍርፋሪ ጋር ተቀላቀለ። ራሚሮም የዋዛ አልነበረም፤ በረዶ የሆነ የበሬ ጅራት አንስቶ ቅንድቡን ተረተረለት። አለቃቸው ሁለቱን ከማባረር የባሰ ቅጣት አገኘላቸው፤ አንድ መጋዝ ላይ አቆማቸው።

መጋዙ ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ስለት ነው። ተሻገር ከወዲህ በረዶ የሆነውን ጭን ይገፋል፣ ራሚሮ ከማዶ የተቆረጠውን ይስባል። አንዱ ሲገፋ የሌላው እጅ ስለቱ ሥር ከተገኘ አለቀለት። የሥጋው ክምር አያስተያይም፣ የሞተሩ ጩኸት ቃል አያሰማም፤ ዜማ ግን ያልፋል። ያን ሰሞን ሬዲዮው የማይጠግበው የስፓኒሽ ዘፈን ነበር፤ የኮሎምቢያ ወንድና የስፔን ሴት የሚቀባበሉት። ራሚሮ በዚያ መላ ዘየደ። ተሻገር የወንዱን ስንኝ እያንባረቀ ይገፋል፤ ራሚሮ ድምፁን አቅጥኖ የሴቷን ሲቀበል እጁን አስገብቶ ይስባል፣ ተሻገርም መግፋቱን ትቶ እጁን ገትሮ ይይዛል። ሕጉ ይኸው ነበር። ጥርስ አውላቂና ቅንድብ ተርታሪ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽሮች ሲሞጋገሱ ኖሩ። ተሻገር የአንዲት ቃል እንኳ ትርጉም አይገባውም፤ ግን አንድ ጣት አልጎደለም።

ባለፈው ዓመት ተሻገር ጌታን ተቀበለ። መልካም አደረገ፤ እጁም ሰከነ። ሚስቱ ሆሣዕና የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ ናት።

"ዎርክ ላይም ዘፈን ስቶፕ አድርገሃል አይደል?" አለችው አንድ ጠዋት።

የመጋዙን ነገር ለማስረዳት አፈረ። ምን ይበላት? ለወንድ የፍቅር ዘፈን እዘፍናለሁ?

"ትቻለሁ" አላት። ደስ ብሏት ስልኩን በመዝሙር ሞላችለት።

ለራሚሮ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ከእንግዲህ ዘፈን የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ይከለክላል አለው። ራሚሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

"እጄስ?" አለው።

"በክምሩ ጎን እያየሁ ነው የምገፋው፣ አትፍራ።"

አራት ቀን ራሚሮ የሴቷን ስንኝ ብቻውን ዘፈነ፤ የወንዱን በሆዱ እየቆጠረ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው አምጥቶ እዚያ ማቆም ነበር። ተሻገር ደግሞ ያቺኑ ዘፈን ላለመስማት በኮፍያው ሥር ማዳመጫ ደብቆ ጆሮውን በመዝሙር ደፈነ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጭኑ አጥንቱ ጋ ሲደርስ አልሄድ አለ። ራሚሮ እየዘፈነ ሊያላቅቀው እጁን አስገባ። በተሻገር ጆሮ ውስጥ የሆሣዕና ኳየር ከፍ ብሎ ነበር፤ በትከሻው ገፋ። ስለቱ አልተንገራገጨም። ጩኸቱን አልሰማም፤ ያየው ነጩ ስብ ሲቀላ፣ ሦስት ጣት ከነጓንቱ ወደ እሱ ሲንሸራተት ነው።

ተሻገር ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲገባ ራሚሮ በጤነኛ እጁ አንገትጌውን ይዞ ሳበውና በግንባሩ ከንፈሩን ሰነጠቀለት። ያ እጁ የሚቀድመው ተሻገር እጁን አላነሳም። እንዲደግመው ጠበቀ። ራሚሮ ግን ለቀቀው።

"ዘፍኜ ነበር እኮ" አለው። "አልሰማኸኝም?"

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ፓስተር ዮሴፍ ጠሩት። "ወንድም ተሻገር ከዚያ ስለት ተርፏል! ጌታ እጁን እንዴት እንደጠበቀለት ይንገረን!" ጉባኤው በ"ተመስገን" ተናወጠ። ሆሣዕና ከዘማሪዎቹ መሃል እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለችለት።

ተሻገር ባበጠ ከንፈሩ ማይኩን ያዘ። "እጄ ስለቱ ሥር አልነበረም" አለ። "የጓደኛዬ እጅ ነበር። ፓስተር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ስድስት ዓመት የተጠባበቅነው በዘፈን ነው። እንዳልሰማው ጆሮዬን በመዝሙር የደፈንኩት እኔ ነኝ። መድፈኔን እንደ ቅድስና ቆጥሬው።"

ከዚያ የወንዱን ስንኝ ዘፈነ። አንድ ሽማግሌ "ኧረ በኢየሱስ ስም!" እያሉ ተነሡ፤ ሆሣዕና ፊቷን ሸፈነች። የሴቷ ተራ ሲደርስ ዝም አለ፣ እንደ ልማዱ እጁን ገትሮ። የሚቀበለው አልነበረም። ተሻገር ግን ተራው እስኪያልቅ እጁን ሳያንቀሳቅስ ጠበቀ።